ለማን ነው ‹‹አቤት›› የምንለው?

በአማርኛ ለጥሪ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ አይደለም። አባት ወይም አለቃ ሲጠራ ‹‹አቤት!›› ይባላል። ጓደኛ ሲጠራ ‹‹ወይ›› ይበቃል። የልብ ሰው ከሆነ ‹‹ወዬ›› ትሆናለች። ሥራ ላይ ሆነን ለሦስተኛ ጊዜ ለማይረባ ጉዳይ የሚጠራን ታናሽ ወንድም ደግሞ ‹‹ምንድነው?!›› ተብሎ ይሸኛል። ልጅ ሆነን ይህን ደረጃ ያዛባን ቀን ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን፤ አባቱን ‹‹ምን?›› ያለ ልጅ የተጠራበትን ጉዳይ ከመስማቱ በፊት ጆሮውን ይቆነጠጣል።

ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ ግን ይህ ሁሉ ሥርዓት ድራሹ ይጠፋል። በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ብቅ የምትለው ትንሽ ሳጥን ከአለቃ ትምጣ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ትምጣ፣ ወይም አሥር ዓመት ያላየነው የክፍል ጓደኛችን ‹‹ቴሌግራምን ተቀላቀለ›› ትበል፣ ድምፁ ያው ነው። እጃችን ከኪቦርዱ ይነሳል፣ ዓይናችን ወደ ጥጉ ይሄዳል፣ በልባችን ‹‹አቤት›› እንላለን። ለሁሉም አቤት! እንዲህ ያለ ታዛዥነት የንጉሥ አሽከር እንኳ ነበረው ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ነገር የሚጻፈው ምክር ሞልቷል። ጠቅላላው ሲጨመቅ ‹‹ኖቲፊኬሽኑን አጥፉና ሥራችሁን ሥሩ›› የሚል ነው። ምክሩ ውሸት የለበትም። ግን እኛ ዘንድ ማንም ሲተገብረው አላየሁም፤ የመከሩንም ጭምር። ‹‹ሰነፍ ስለሆንን ነው›› የሚለው መልስ ለእኔ አይዋጥልኝም። ነገሩ ታሪክ አለው። እዚህ አገር ማን ማንን፣ በምን፣ በየስንት ጊዜው ሲጠራ እንደኖረ፣ ጥሪው ዝም ሲልም ምን ይከተል እንደነበር ማየት ይፈልጋል። እንግዲህ ታገሱኝ፤ ከነጋሪት ልጀምር ነው።

ባለማዕረጉ ከበሮ

ነጋሪት ስሙም ‹‹ነገረ›› ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ሥራው መናገር ነው። ታዲያ ማንም ተነስቶ የሚጎስመው ዕቃ አልነበረም። በበቅሎ ተጭኖ የሚሄደው ነጋሪት ብዛቱ ከማዕረግ ጋር ይቆጠር ነበር፤ ሹሙ ከፍ ባለ ቁጥር በፊቱ የሚጎሰመው ነጋሪት ይበዛል። ‹‹አርባ አራት ነጋሪት›› የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ በአፋችን የቀረው ከዚያ ዘመን ነው። በዛሬ ቋንቋ ብንለው፣ ኖቲፊኬሽን የመላክ መብት ሹመት ነበር ማለት ነው።

ደግሞም በየደቂቃው አይጎሰምም። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ወጣ፤ አድዋ ነው ነገሩ። ከዚያ አርባ ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር የመረብን ወንዝ በተሻገረበት ዕለት፣ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነጋሪት ተጎሰመና የክተት አዋጅ ተነበበ። በሁለቱ መካከል ነጋሪቱ ለሌላ ጉዳይ አልተመታም አልልም፤ ሹመትም ነበር፣ ሽረትም ነበር፣ የአገር ውስጥ ጦርነትም ነበር። ነገር ግን ድምፁን የሰማ ሰው ‹‹ይኼ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?›› ብሎ ወደ ሥራው የሚመለስበት ጊዜ አልነበረም። ነጋሪት ከተመታ የሆነ ሰው ሕይወት ይለወጣል።

በነገራችን ላይ፣ አዋጅ ነጋሪው በገበያ ቀን ቆሞ ሲያበቃ ‹‹የሰማህ ላልሰማህ አሰማ›› ይል ነበር። ‹‹ሼር አድርግ›› ማለት ነው እንግዲህ! አባቶቻችን ያላሰቡት ነገር የለም።

ከድል በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ መንግሥት ሕግ የሚያውጅበትን ጋዜጣ ማሳተም ሲጀምር ስሙን ‹‹ነጋሪት ጋዜጣ›› አለው። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ‹‹ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ›› ሆነ። ከበሮው ወረቀት ሆነ፤ ድምፁ ሞተና ስሙ ቀረ። የምንተዳደርበት ሕግ ሁሉ እዚያ ላይ ይወጣል፣ ማናችንም ግን ሲወጣ አንሰማም። ሳይለንት ላይ የተደረገ ነጋሪት ብለው ነገር አበዛህ ትሉኝ ይሆን?

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዓለም ባንክ

ከነጋሪት ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የእድር ጡሩምባ ነው። ለዚህ ምሳሌ ወደ ምዕራብ አዲስ አበባ፣ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ልውሰዳችሁ፤ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር። (ሰፈሩን ለማያውቅ እንግዳ፦ ባንክ ፍለጋ እንዳትሄዱ። የዋሽንግተኑ ባንክ እዚያ ቢሮ የለውም፤ ያለው ስሙ ነው። ወያላው ‹‹ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!›› ሲል የሚያሳፍረው ለብድር የሚሄድ ሰው አይደለም።) ከአራዳና ከጉለሌ ጋር ሲተያይ ልጅ ሰፈር ነው። ቢሆንም እድር አለው። እድር የሌለው የአዲስ አበባ ሰፈር የት አለ? የታሪክ ጸሐፊዎች እድር በከተማችን በሰፊው የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው ይላሉ፤ ከየአገሩ መጥቶ ዘመድ በሌለበት ከተማ የሰፈረ ሰው የሚቀብረው እንዳያጣ የፈጠረው ዘመድ ነው።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጡሩምባው ይነፋል። ሰፈሩ በሙሉ አልጋው ላይ ቀና ይላል። ጡሩምባው ራሱ ምንም አይናገርም፤ ‹‹ዝም በሉና ስሙ›› ነው የሚለው። ውሻው እስኪረጋ ይጠበቃል። ከዚያ ድምፅ ይመጣል፤ የማን እናት፣ የማን ባል እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት ቤተ ክርስቲያን ወይም የት መካነ መቃብር እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ። አለቀ። ነፊው ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ይሄዳል። የእናንተ እድር ካልሆነ ተገላብጣችሁ ትተኛላችሁ። ከሆነ ነጠላ ይፈለጋል፣ ለመሥሪያ ቤት ይደወላል፣ ድንኳን የሚተክሉት ወንዶች ይወጣሉ።

እስቲ ይህን እንደ አንድ የቴክኖሎጂ ሥራ እዩት። ሲቀሰቅስህ ሙሉውን ነገር አብሮ ይነግርሃል፤ ‹‹ዝርዝሩን ለማየት እዚህ ይጫኑ›› የለም። አንድ ሰው ሞቷል ብሎ ነፍቶ ሲያበቃ ‹‹በዚያው የሳሙና ዋጋ ቀንሷል›› አይልም። የሚነፋውን የሚወስነው የእድሩ ኮሚቴ ነው፤ ጡሩምባ ነፊው በራሱ ፈቃድ ቢነፋ ከሥራ ይባረራል። ሰሚውም ኃላፊነት አለበት፤ ቀብር ያልወጣ ይቀጣል። ስለዚህ ሰው ጡሩምባውን አይንቀውም። እርግጥ ደስ የሚል ድምፅ አይደለም። እንቅልፍ የወሰደውን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣ ሕፃን ያስለቅሳል፣ የማይመለከተውንም ያስደነግጣል። ግን ተቀስቅሶ ‹‹ይኼ ሰውዬ ለምን ቀሰቀሰኝ?›› ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሚስኮል የሚባለው ጥበብ

ስልክ ላይ ብዙ አልቆይም። ቴሌ የልደት ዘመኑን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ ስልክ የቤተ መንግሥትና የአገረ ገዢ ዕቃ ነበር። ሽቦ አልባው ሲመጣም አንድ ሰፈራችን ስሙን ከእሱ ወረሰ፤ ንፋስ ስልክ ስትሉ ሽቦ የሌለውን፣ በነፋስ የሚሄደውን ስልክ እየጠራችሁ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ግን ስልክ ማለት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጎረቤት ስልክ ነበር። ልጅ እየሮጠ መጥቶ ‹‹እትዬ፣ ስልክ ይፈልግዎታል!›› ይላል። ደዋዩም ለጎረቤት እንዳያስቸግር እያሰበ፣ ቁም ነገር ሲኖረው ብቻ ይደውላል። ማለትም በጠሪውና በተጠሪው መካከል አንድ የሚታፈር ሰው ነበረ።

በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ ገባ። መጀመሪያ የባለሀብትና የባለሥልጣን ነበር፤ በኋላ ለእኛም ደረሰን። ቀፎው ደረሰን እንጂ የሚደወልበት ሒሳብ አልደረሰንም። ከዚህ እጥረት ውስጥ ነው ሚስኮል የተወለደው። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ ‹‹ደርሻለሁ››። ሁለቴ ከሆነ ‹‹በር ላይ ነኝ፣ ውጣ››። ደጋግሞ ከመጣ ‹‹ሒሳብ የለኝም፣ ደውልልኝ››። ፍቅረኛሞች ደግሞ የራሳቸው መዝገበ ቃላት ነበራቸው፤ ማታ አንዴ ከመጣ ‹‹እያሰብኩሽ ነው›› ማለት ነበር። አንዲት ሳንቲም ሳይወጣ!

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሞባይል ወዲህ እዚህ አገር ከተፈለሰፈው ሁሉ ብልሁ ይኸው ነው። ያገናኘውም የሚተዋወቁ ሰዎችን ነው። ትርጉሙን አስቀድመው የተስማሙበት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የማያውቀው ሰው ሚስኮል ቢያደርግ ትርጉም የለውም፣ ስለዚህ አይረብሽም።

ውሻው፣ ፊኛውና ‹‹በዝ››

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ቢኖር ኮምፒውተር ላይ ጥሪን ማጥፊያው ከጥሪው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከአሜሪካ ቤል ላብስ በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ ዕትም ላይ ብዙ ሰው አንድ ማሽን ይጋራ ነበር። አንዱ ሲሠራ ሌላው በመሀል ገብቶ ስክሪኑ ላይ መልእክት ሊጽፍበት ይችል ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ እዚያው ላይ አንዲት ትንሽ ትእዛዝ አኖሩ፤ ‹‹ሜስግ ኤን›› ብለህ ከጻፍክ ማንም አይገባብህም። በ1980 ደግሞ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ‹‹ቢፍ›› የሚባል ፕሮግራም መጣ፤ ኢሜይል ሲደርስ ወዲያው ይናገራል። ስሙ የአንድ ውሻ ስም ነው፤ እዚያው ግቢ የሚዘዋወር ውሻ። ‹‹ፖስተኛ ሲመጣ ስለሚጮህ ነው›› የሚል ታሪክ ተሠራለት፤ የውሻው ባለቤት ግን ስም ማጥፋት ነው ብላ አስተባብላለች። እሱንም ዝም ለማሰኘት አንዲት ፊደል ትበቃ ነበር፤ ‹‹ቢፍ ኤን››።

አንድ ፊደል! ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ማጥፊያዋ ፊደል እንዴት ከእጃችን እየራቀች እንደሄደች የሚናገር ታሪክ ነው። በ1996 አይሲኪው ‹‹ኦ-ኦ!›› እያለ መጣ። በ1998 ያሁ መልእክተኛውን አወጣ። በ2001 የመጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ከታች በቀኝ በኩል ቢጫ ፊኛ ይነፋ ጀመር፤ ‹‹ዴስክቶፕዎ ላይ የማይጠቀሙባቸው አይከኖች አሉ››፣ ‹‹ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል››። ፊኛውን ጨርሶ ለማጥፋት ሬጂስትሪ ውስጥ ገብቶ መነካካት ነበረበት፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ብቻ ነው።

የኢንተርኔት ካፌ ዘመን ልጆች ይህን ታስታውሳላችሁ። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በየሰፈሩ ካፌ እስኪከፈት ግን ቆይቷል። ጠባብ ክፍል፣ ካርቶን የተጋረደባቸው ወንበሮች፣ በደቂቃ የሚቆጠር ሳንቲም። ድንገት አንዱ ማሽን በሴት ድምፅ ‹‹ቫይረስ ዳታቤዝ ሃዝ ቢን አፕዴትድ›› ይላል፤ አዲስ የመጣ ሰው ይደነግጣል፣ የለመደ ይስቃል። ያሁ ሜሴንጀር ላይ ከአሜሪካ የመጣ ‹‹በዝ!›› መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው ግን ማንም አይስቅም፤ ያ ሰው የተቀመጠው ለእሱ ነዋ! አንድ ሰዓት ሙሉ የጠበቀው፣ ሒሳብ የከፈለበት ጥሪ ነው። ደቂቃው ሲያልቅ ተነስቶ ይወጣል፤ ጥሪው ካፌው ውስጥ ይቀራል። ተከትሎት ቤቱ አይሄድም።

(ያሁ ሜሴንጀር በ2018፣ አይሲኪው በ2024 እ.ኤ.አ. ተዘግተዋል። ነፍስ ይማር ማለት ያምረኛል።)

ያ ወሰን የፈረሰው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው ማለት ይቻላል። አፕል በዚያ ዓመት አፖች ተዘግተውም ቢሆን ባለቤታቸውን የሚጠሩበትን መንገድ ለአይፎን ከፈተ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ክሮም ለማንኛውም ድረ ገጽ ይህንኑ መብት ሰጠ፤ ‹‹ኖቲፊኬሽን ልላክልዎ?›› የምትለዋን ሳጥን ማለቴ ነው፤ እንድትጠፋልን ብለን ‹‹አላው›› የምንላት። አንድሮይድ ላይ ለብዙ ዓመታት ሳጥኗም አልነበረችም፤ አፑን ከጫንከው ጥሪውን ፈቅደሃል ነበር ሕጉ። አስቀድሞ እንዲጠይቅ የተደረገው በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው አንድሮይድ 13 ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው በቀን ስንት ጊዜ ተመልሶ ገባ የሚለው ቁጥር ለእነዚህ ድርጅቶች ገንዘብ ነው። ስለዚህ ነጋሪት በነፃ ታደለ። የፒዛ ቤቱም፣ የውርርዱም፣ የፎቶ ማስዋቢያውም በየኪሳችን አርባ አራት ነጋሪት ጭነው ገቡ።

ዝም ሲል የሚያስፈራ ነገር

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የሁሉም አገር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኛ ነው።

እዚያው ዓለም ባንክ የሚኖር፣ ቤቱ ሆኖ በላፕቶፕ የሒሳብ ሥራ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ቴሌግራሙ ኮምፒውተሩ ላይ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ድምፁም እስከ መጨረሻ። የመሥሪያ ቤት ግሩፕ፣ የሠፈር ግሩፕ፣ የዩኒቨርሲቲ ባች፣ መኪና ሻጭና ገዢ፣ የመዝሙር ቻናል… ቲንግ፣ ቲንግ፣ ቲንግ። የአንድ ድርጅት የወር መዝጊያ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ አንድ አምድ ሦስት ጊዜ ደመረው፣ ሦስት ጊዜም የተለያየ መልስ ወጣለት። ሥራውን የሚጨርሰው ሁልጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ልጁ አባቱን የሚያየው ጠዋት ተኝቶ ነው።

‹‹ለምን አታጠፋውም?›› አልኩት።

‹‹ዝም ሲል ነው የሚያስፈራኝ›› አለኝ።

እናቱ ጎንደር ናቸው።

እስቲ እናስታውስ። የ1997 ምርጫ ሲመጣ የጽሑፍ መልእክት አዲስ ነገር ነበር፤ ተቃዋሚዎች ደጋፊዎቻቸውን ለመጥራት ተጠቀሙበት። ከምርጫው በኋላ ነገሩ ሲበላሽ አገልግሎቱ ተቆረጠ። ለሁለት ዓመት ያህል፣ እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ፣ የኢትዮጵያ ሞባይል ይደውላል እንጂ አይጽፍም ነበር። ሌላው ዓለም በጽሑፍ ጣቱን በሚያደክምበት በዚያ ጊዜ የእኛ ስልኮች ሚስኮል ይደራረጉ ነበር።

በሐምሌ 2008 የመልቀቂያ ፈተና ተሰርቆ እንዳይወጣ ተብሎ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ፤ በዓመቱ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ። (ለተፈታኝ ልጅ ሲባል መላው አገር ስልኩን አጥፍቶ ሲቀመጥ አስቡት።) በሰኔ 2011 ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ባለሥልጣናት በተገደሉ ጊዜ እንደገና ጠፋ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ጠፋ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት በአንድ ሌሊት ተቆረጠ። እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት፣ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ መቀሌ ወይም ሽሬ ወላጅ ያለው የአዲስ አበባ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ሐምሌው ሲያልቅ ደግሞ አማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። የወዳጄ ፍርሃት ያኔ የገባ ነው።

ሌላ አገር ዝምታ የሚገዛ ነገር ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ስልክ የማይገባበት የዕረፍት ቦታ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ዝምታ ሳንጠይቅ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም የሆነ ቦታ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ የወዳጄ ‹‹ቲንግ›› ከመልእክቱ ይልቅ ‹‹መስመሩ አለ›› የምትል ምስክር ናት። የመኪና ሻጩ ማስታወቂያ ሲመጣ እንኳ የሆነ ቦታው ያርፋል። ‹‹ሁሉንም አጥፋ›› ማለት ለእሱ ‹‹ሲደረግብህ የኖረውን አሁን በራስህ ላይ አድርገው›› ማለት ነው። እምቢ ቢል ይፈረድበታል?

ይሁን እንጂ ዋጋውን እየከፈለ ነው። ለእናቱ ብሎ የከፈተው በር ለውርርድ ማስታወቂያም ክፍት ሆነ። ያን አምድ ሦስት ጊዜ ያስደመረው የእናቱ ድምፅ አልነበረም። ልጁን ማታ የሚያሳጣውም እሱ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን እንደ እድር ኮሚቴ አየነው፤ ጥያቄው ‹‹ምን ይጥፋ?›› ሳይሆን ‹‹ጡሩምባ የሚነፋለት ማነው?›› ነበር። ቴሌግራም ላይ ግሩፕና ቻናሉ በሙሉ ተዘጋ፣ ከዚያ በስም ተለይተው የተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀሩ። ለእናቱ ለብቻው የሆነ ድምፅ ሰጣቸው፤ ሌላ ማንም የማይጠቀምበት። ‹‹እገሌ ቴሌግራምን ተቀላቀለ›› የምትለዋም ሴቲንጉ ውስጥ ማጥፊያ አላት፣ ብዙ ሰው አያውቃትም። ክሮም ላይ ‹‹አላው›› ያላቸው ድረ ገጾች ዝርዝር ሲወጣ ግማሾቹን መቼ እንደገባባቸው አላስታወሰም። ዊንዶውስም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረጡ ብቻ እንዲያልፉ የሚያደርግ ቅንብር አለው፤ በአሁኑ ዊንዶውስ ‹‹አትረብሹኝ›› በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። አንድ ፊደል ግን አይደለም።

የቸገረን አለቃው ላይ ስንደርስ ነው። አለቃው ማታ አራት ሰዓት ላይ የሥራ ግሩፕ ላይ ይጽፋል። ዝም ቢሰኝ ‹‹ለምን አልመለስክም?›› ይመጣል። ፈረንሳዮች ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጪ ያለመመለስ መብቱ የሚነጋገሩበት ሕግ አላቸው። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከአርባ ስምንት እንዳይበልጥ ይላል፤ ማታ በቴሌግራም ስለሚመጣ የአለቃ ‹‹ቲንግ›› ግን የሚለው የለም። የታወጀው እንግዲህ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው። ወዳጄ ለአለቃው አቤት ማለቱን ቀጥሏል። እዚህ ላይ ሴቲንግ አይረዳም።

የሰፈሩ እድርም የቴሌግራም ግሩፕ አለው። የሞተ ሰው ሲኖር ፎቶውና የቀብሩ ሰዓት እዚያ ላይ ይለጠፋል። ሆኖም በበዓል ቀን አበባና ሻማ፣ በአዘቦት ቀን ‹‹እንደምን አደራችሁ›› የሚሉ ፎቶዎች ይዘንቡበታል። በቅርቡ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት አባል ተነስቶ ‹‹ግሩፑ ካለ የጡሩምባ ነፊው ክፍያ ለምን አይቀርም?›› ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር አለኝ ወዳጄ። ሊቀ መንበሩ ‹‹እስቲ ግሩፑን ሚዩት ያላደረገ እጁን ያውጣ›› አሉ። አራት ሰው እጁን አወጣ፤ ሐሳብ አቅራቢው ከአራቱ አልነበረም። ክፍያው ሃምሳ ብር ተጨመረበት።